9 ሚሊሜትሩን ከመቀየርዎ በፊት ሽጉጦቹን ይፈትሹ

የአንድ ፖሊስ ክፍል የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ የላኩልን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ ክፍሉ 102 ሚሊሜትር በርሜል ያላቸው ሽጉጦችና 225 ሚሊሜትር በርሜል ያላቸው ኤምፒ5 የተባሉ አጫጭር አውቶማቲክ መሣሪያዎች አሉት፤ ሁለቱም የሚተኩሱት 9×19 (9 ሚሊሜትር አረር፣ 19 ሚሊሜትር ቀለህ) ጥይት ነው። ሽጉጦቹ ላይ ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀረቀራል። «ጥይቱ ደካማ ስለሆነ ወደ .40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን (ቁጥሩ በኢንች ነው፣ 10 ሚሊሜትር ገደማ) እንሂድ» የሚሉ አሉ፤ የመኪና አጃቢዎች ደግሞ 5.7×28 የተባለውን ቀጭንና ፈጣን ጥይት ይፈልጋሉ።

ካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን ውፍረት፣ አይቀይሩ። ቀለህ የሚቀረቀረው ስላይዱ (በተኩስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳይሄድ ሲመለስ ወይም ቀለሁን ከበርሜሉ ስቦ የሚያወጣው ጎታች ጥርስ ቀድሞ ሲለቀው ነው። መጀመሪያ በየትኛው ሽጉጥ፣ በየትኛው ተኳሽ እጅ፣ ከየትኛው ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተ ስብስብ) ጥይት ጋር እንደተከሰተ ይመዝግቡ። ችግሩ ተኳሹን ተከትሎ ከሽጉጥ ሽጉጥ የሚሄድ ከሆነ የእጅ አንጓው ላልቷል፤ ቀላል ሽጉጥ ደግሞ ልል አያያዝን ጨርሶ አይታገስም። አንድን ሽጉጥ ብቻ ከያዘ የጎታቹን ጥርስ አውጥተው ከሥሩ የተጋገረውን የባሩድ ጥላሸት ይጥረጉ፣ ጠርዙ እንዳልተሸረፈ በአጉሊ መነጽር ይዩ፣ የስላይዱ ሐዲድ ደርቆ እንደሆነም በጣት ይዳስሱ። ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ ከአምራቹ ውጭ የተገዛና የጠነከረ ከሆነ ወደ ዋናው ይመልሱ። ሁሉም ሽጉጦች ላይ በአንድ ሎት ብቻ ከታየ ግን ጥፋቱ የጥይቱ ነው፦ ፍጥነት መለኪያውን ከአፈሙዙ 3 ሜትር ላይ አቁመው 10 ጥይት ይተኩሱ። በፈጣኑና በዝግተኛው መካከል ከ30 ሜትር በሰከንድ በላይ ልዩነት ካለ ያ ሎት ለሥራ አይሰጥ።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። 8 ግራም የሚመዝን የ9×19 አረር በ350 ሜትር በሰከንድ ሲወጣ ጉልበቱ 490 ጁል ነው። የ.40ው 11.7 ግራም አረር በ300 ሲወጣ 525 ገደማ፣ ሌላው የታወቀ የሽጉጥ ጥይት የ.45 ኤሲፒው 14.9 ግራም በ255 ሲወጣ 485 ገደማ። በጉልበት እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነቱ ርግጫው (ሲተኮስ መሣሪያው እጅን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል) ላይ ነው፦ ክብደትን በኪሎግራም ከፍጥነት ጋር ሲያባዙ 9ኙ 2.8፣ .40ው 3.5፣ .45ቱ 3.8 ይሰጣል። ስለዚህ በተመሳሳይ መጠን ሽጉጥ .40ው ሩብ ያህል አብልጦ ይራገጣል፣ ሁለተኛውን ተኩስ ያዘገያል፣ የሽጉጡን ሞላና አካል ቶሎ ያደክማል። ካዝናውም ይቀንሳል፤ ግሎክ 19 በ9 ሚሊሜትር 15 ጥይት ሲይዝ አቻው ግሎክ 23 በ.40 የሚይዘው 13 ነው። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1986 ወኪሎቹ ማያሚ ውስጥ ከወንጀለኞች ጋር ከተታኮሱ በኋላ ወደ ትልልቅ ካሊበሮች ሄዶ በ2016 ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል።

ከካሊበሩ ይልቅ ብዙ ልዩነት የሚያመጣው የአረሩ ዓይነት ነው። ሙሉ ሽፋን ያለው አረር ሰውን አልፎ ከኋላው ያለውን ሊመታ ይችላል፤ ለከተማ ፖሊስ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። የሚከፈት አረር (ሰውነት ሲመታ ፊቱ የሚሰፋ) እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ መግለጫ ለጦርነት ተከልክሏል፣ ብዙ የፖሊስ ተቋማት ግን የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሕጋችሁ ከፈቀደ ሥጋን በሚመስል 10 በመቶ ጄላቲን ላይ፣ ፊቱን በልብስ ሸፍናችሁ ፈትኑ፤ የኤፍቢአይ መለኪያ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ጥልቀት ነው። ፈተናውን በሁለቱም መሣሪያ አድርጉት። ከሽጉጥ በ350 የሚወጣው ጥይት ከኤምፒ5 በ400 አካባቢ ሊወጣ ይችላል፤ ለሽጉጥ ፍጥነት የተሠራ አረር በዚያ ፍጥነት ቶሎ ተከፍቶ ጥልቀት ሊያጣ ወይም ሊበታተን ይችላል። በርሜልና ጥይት ተለያይተው አይመረጡም የምለው ለዚህ ነው።

5.7×28ን በተመለከተ፣ 2 ግራሙ አረር 715 ሜትር በሰከንድ የሚደርሰው ፒ90 ከተባለው አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ሲተኮስ ነው፤ ከሽጉጥ አጭር በርሜል ያን ፍጥነት አያገኝም። ርግጫው የ9×19 ግማሽ ነው፣ የፒ90 ካዝናም 50 ይይዛል። ፒ90 የታሰበው ጠመንጃ ዋና መሣሪያቸው ላልሆነ ወታደሮች፣ ለሹፌርና ለመገናኛ ሠራተኛ ነበር። አጃቢዎቻችሁ የጥይት መከላከያ ሰደርያ የለበሰ ባላጋራ የሚጠብቃቸው ካልሆነ፣ ለሁለተኛ የጥይት ዓይነትና ለሁለተኛ ሥልጠና የምታወጡት ወጪ አያዋጣም፤ ኤምፒ5ቱ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይደረግ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የማካሮቭ ሽጉጥ 9×18 ጥይት ካለ፣ በሳጥኑ ላይ «9 ሚሜ» የሚለው ብቻ ያሳስታል። የማካሮቩ አረር 9.27 ሚሊሜትር ሲወፍር የ9×19ኙ 9.01 ነው፤ ቀለሁም 18.1 እና 19.15 ነው። በካሊፐር ለክታችሁ ለዩአቸው፣ በተለያየ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፣ አንድ መደርደሪያ ላይም አታስቀምጧቸው።