አክሪሊክ ጥፍርን ቤት ውስጥ ማውለቅ፤ የጣት አረንጓዴ ነገርስ ፈንገስ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በጥር ለእህቴ ሠርግ ሚዜ ስሆን አርቴፊሻል ጥፍር አሠራሁ፤ በፈሳሽና በዱቄት የሚሠራውን። አሁን ወር ሊሞላው ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ መነሣት ጀምሯል። የአውራ ጣቴን በጥርሴ ይዤ ስቤ አወለቅሁት። ከታች ያለው የራሴ ጥፍር እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ሎሚና በርበሬ ሲነካው ያንገበግበኛል። በመሐል ጣቴ ላይ ደግሞ ከአርቴፊሻሉ ሥር አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። ጓደኛዬ «ፈንገስ ነው፤ ቀለም ቀቢበትና ተይው» አለችኝ። የቀሩትን 9 ጥፍሮች ራሴን ሳልጎዳ ቤት ውስጥ ማውለቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ጥፍርን ከአሴቶን ይልቅ የሚጎዳው ችኮላ ነው፤ አውራ ጣትዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ጥፍር ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ስስ ንብርብር ነው። አክሪሊክ ከመለጠፉ በፊት ጥፍርዎ በሞረድ ይሻከራል፤ ፈሳሹና ዱቄቱ ተዋሕደው ሲደርቁ ያንን ሻካራ ነክሰው ይይዛሉ። አያያዙ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ከተጣበቁበት ይበረታል። ስለዚህ በጥርስ ሲሳብ አክሪሊኩ ብቻውን አይመጣም፤ የላይኞቹን ንብርብሮች ገሽልጦ ይነሣል። የሳሳውን መልሶ የሚያወፍር ቅባትም ሆነ ኪኒን የለም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ እስኪተካ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። እስከዚያው አሳጥረው ይቁረጡት፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡት፣ ሥራ ላይ በፕላስተር ይሸፍኑት። ፕላስተሩ ሲርስ ግን ይቀይሩት፤ ቤት ሲገቡም ያንሡት።

አሁን ወደ ዘጠኙ። የነገሩኝ በፈሳሽና በዱቄት የሚሠራው አክሪሊክ ነው፤ አሴቶን ያለሰልሰዋል። በመብራት የሚደርቀው ጄል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ትንሽ ይለይ ነበር፤ አብዛኛው ጄል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ጥፍር ለማስረዘም የሚሠራበት ጠንካራው ዓይነት ግን በአሴቶን ፈጽሞ አይሟሟም፤ በሞረድ ብቻ ነው የሚወርደው። በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈ ቲፕ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ ጥፍር) ደግሞ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢዘፈዝፉት ብዙ ጊዜ በራሱ ይላቀቃል።

ሱቅ ሲሄዱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ማንኛውም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ «አሴቶን» ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ አሴቶን የሌለባቸው አሉ፤ ቀለም ያስለቅቃሉ፣ አክሪሊክን ግን ሰዓት ሙሉ ቢነክሩት አይነኩትም። ያን ጊዜ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ መሳብ የሚጀምረው። ጽሑፉን አንብበው ንጹሕ አሴቶን ይግዙ፤ ለ9 ጣት 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከቀለም መሸጫ የሚገኘውን ቲነር ወይም ቤንዚን በምትኩ አይጠቀሙ፤ ለቆዳም ለሳንባም የባሱ ናቸው። አሴቶን ከበረኪና ጋርም ፈጽሞ አይገናኝ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ ነገር ይፈጠራል።

እሳቱን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አሴቶን ሳይሞቅ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንኳ፣ በእሳት የሚያያዝ ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ወርዶ ይሳባል፤ የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻ የሚቀመጡት ደግሞ ወለል ላይ ነው። ቡና እየተፈላ፣ ሲጋራ እየተጨሰ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሻማ በርቶ ይህን ሥራ አይጀምሩ። የሥራ ቦታዎ ወጥ ቤት ከአሳው መጥበሻ ጋር ጭራሽ አይታሰብ። ቀን፣ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ልጆችም አጠገብ አይኑሩ።

ከአሴቶኑ ሌላ ጥጥ፣ የምግብ መጠቅለያ ፎይል፣ ቫዝሊን፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ሻካራና ለስላሳ ሞረድ እንዲሁም ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት መግፊያ ያዘጋጁ። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፎጣ ያንጥፉ፤ አሴቶን ቫርኒሽና አንዳንድ ፕላስቲክ ያበላሻል። አሴቶኑን የሚቀዱበትም ሸክላ ወይም ብርጭቆ ይሁን።

መጀመሪያ ከራስዎ ጥፍር ጫፍ አልፎ የወጣውን የአክሪሊክ ርዝመት በጥቂት በጥቂቱ ይቁረጡ። በአንድ ጊዜ ቢጨምቁት የተነሣውን ጠርዝ ያጥፈዋል፤ ያማል፣ ከታች ያለውንም ይሰነጥቃል። ከዚያ የሚያብለጨልጨውን የላይ ሽፋን በሻካራው ሞረድ እስኪፈዝ ይሙረዱ፤ አሴቶን በሚያብለጨልጭ ገጽ በቀላሉ አይገባም። ሙቀት ከተሰማዎ ያቁሙ፤ ወደ ጥፍርዎ ተጠግተዋል ማለት ነው። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቫዝሊን በደንብ ይቀቡ፣ ጥፍሩን ራሱን ግን አይንኩ፤ ቅባት ከነካው አሴቶኑ አይሠራም።

ከዚያ በጥፍሩ ልክ የቆረጡትን ጥጥ አርሰው ያስቀምጡበት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ፎይል ጣቱን አጥብቀው ይጠቅልሉ። ፎይሉ የሚጠቅመው አሴቶኑ እንዳይተን ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ያልተሸፈነ ጥጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ሁለቱን እጅ በአንዴ አይጠቅልሉ፤ ስልክ ቢጠራ፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ ወይም ቢያቃጥልዎ የሚፈታ እጅ ያስፈልጋል። ብርድ ብርድ ማለትና የቆዳ መንጣት የተለመደ ነው። ማቃጠል ግን ቁስል አለ ማለት ነው፤ ያን ጣት ፈትተው በሳሙና ይጠቡት። አውራ ጣትዎ ላይ የሚወልቅ ነገር ስለሌለ አሴቶን አያስነኩት።

ለአክሪሊክ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። አንዱን ጣት ብቻ ፈትተው ይሞክሩ፤ የተዘጋጀው እንደ ረጠበ ማስቲካ ይሆናል፣ በእንጨቱ ከጥፍሩ መነሻ ወደ ጫፉ ሲገፉት ይገፈፋል። ከተቋቋመዎ አይፈልቅቁ፤ አዲስ ጥጥ አርሰው ለ10 ደቂቃ ይመልሱት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ የተለመደ ነው። ለማፋጠን አሴቶንን ምድጃ ላይ ማሞቅ ግን በሕይወት መቀለድ ነው።

ከ40 ደቂቃ በኋላም ድንጋይ ሆኖ ከቀረ የተሠራበት ፈሳሽ ሜቲል ሜታክሪሌት ሊሆን ይችላል። ይህ የአጥንት ሐኪሞች ለአጥንት ማጣበቂያ የሚጠቀሙበት ኬሚካል ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ለጥፍርም ያውሉታል። እጅግ ጠንካራ ነው፣ በአሴቶንም እንደ ልብ አይለሰልስም። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ጥፍር የጎዳ፣ ቆዳ ያስቆጣ ነው ተብሎ እርምጃ ተወስዶበታል። ከእሱ ጋር አይታገሉ፤ አሳጥረው ቆርጠው የሠራችልዎ ባለሙያ በሞረድ ታውርድልዎ፣ ወይም ከጥፍርዎ ጋር አድጎ ይውጣ።

የቀረውን ስስ ቅሪት በለስላሳው ሞረድ ይጨርሱ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ቫዝሊን ወይም ኑግ ዘይት ይቀቡ። አሴቶን ጥፍሩንና ቆዳውን ያደርቃልና ይህንን ለሳምንት ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

አረንጓዴውን ጣት መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ለእሱ የተጠቀሙበትን ሞረድና እንጨት ሌላ ጣት ሳያስነኩ ይጣሉ። እንደሚገልጹት ከሆነ ፈንገስ አይመስለኝም። ፈንገስ ብዙ ጊዜ ጥፍርን ቢጫ ወይም ነጭ አድርጎ ያወፍራል፣ ያፈርሰዋል። አረንጓዴ ቀለም በአብዛኛው የሱዶሞናስ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ይህ ተሕዋሲ እርጥበት ይወዳል፤ በተነሣው አክሪሊክና በጥፍርዎ መካከል የገባ ውኃ መውጫ አጥቶ ሲቀር ቤቱን ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቀረሶና አምባዛ ሲያጥቡ ለሚውል እጅ ከዚህ የሚመች ቦታ አያገኝም። ቀለም ቀብቶ መተው ማለት ክዳን መግጠም ነው። ሽፋኑ ወልቆ ጥፍሩ ሲደርቅ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ቆዳው ካልቆሰለ 1 እጅ አቼቶ በ4 እጅ ውኃ በጥብጠው ጣትዎን በቀን አንዴ ለ5 ደቂቃ ነክረው ቢያደርቁት ይረዳል። ቀለሙ ግን ከጥፍሩ ጋር አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያልና «አልዳነም» ብለው አይደንግጡ።

ሥራ ላይ ጓንት ያድርጉ፤ ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ቢጨምሩ ላብ አይጠራቀምም። የአሳ ክንፍ እሾህ ጓንት እንደሚበሳ ግን ያውቁታል፤ ውኃ የገባበትን ወዲያው ይቀይሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ሕሙማንን የሚነኩ ሠራተኞች አርቴፊሻል ጥፍር እንዳያደርጉ ይመክራል፤ ከሥሩ የሚደበቀው ጀርም በመታጠብ በቀላሉ ስለማይወጣ ነው። ምግብ የሚነካ እጅም ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ ለሠርግ የተሠራ ጥፍር በሠርጉ ማግስት ቢወልቅ እመርጣለሁ።

ሌላም ልጠይቅዎ፦ ጥፍሩን ካሠሩ ወዲህ የዓይን ቆብዎ፣ አንገትዎ ወይም የጣትዎ ዙሪያ ያሳክክዎታል? ከሆነ ለአክሪሊክ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ኬሚካሉ ጣት በነካው ቦታ ሁሉ ስለሚደርስ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ይወጣል፤ ሰውም የዓይን በሽታ ይመስለዋል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የጥርስ መሙያዎችም ተመሳሳይ ኬሚካል ስላላቸው ለጥርስ ሐኪምዎ መንገር ይኖርብዎታል።

ጣትዎ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ሌሊት እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ከነሣዎ ወይም ጥፍሩ ከሥጋው ከተላቀቀ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳር ሕመም ካለብዎ መቅላት እንዳዩ ይሂዱ፤ ቀን አይቁጠሩ። ቅላቱ ወደ እጅዎ ከወጣ ወይም ትኩሳት ካለዎ እዚያው ባሕር ዳር ያሉት የፈለገ ሕይወት ወይም የጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊያይዎ ይገባል። አክሪሊኩ ሲወልቅ በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ከመነሻ እስከ ጫፍ የተሰመረ፣ አዲስና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካዩም ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ። በብዙ ጥፍሮች ላይ የቆየ ቡናማ መስመር ግን በእኛ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው።