ላፍሮይግህ አልተበላሸም፣ ሽታው ራሱ ነው

ወንድሜ፣ አጎትህ የላከልህን የላፍሮይግ 10 ዓመት ጠርሙስ ከፍተህ «አዮዲን አዮዲን ይላል፣ የሆስፒታል ሽታ አለው፤ ፎርጅድ ነው ወይስ ተበላሽቶ? ልድፋው?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ እንዳትደፋው። ማሸጊያው ሳይነካ እጅህ ከገባ፣ የጻፍከው ሽታ ትክክለኛው ላፍሮይግ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ግላስጎው ሆቴል ባር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን ያኮማትራል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የገባኝ ፋብሪካው ድረስ ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብህ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ላፍሮይግ የሚሠራው ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባለች አይላ በምትባል ደሴት ነው። ከኬናክሬግ ወደብ በመርከብ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ደሴቷ ላይ ዛፍ ብዙም የለም፣ ረግረግ ግን ሞልቷል። በዚያ ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተጠራቀመውን ተክል ፒት ይሉታል። እንደ ጡብ እየቆረጡ ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ኩበት ነው የሚመስለው። የደሴቲቱ የድሮ ማገዶ ይኸው ነው፣ የውስኪው ሽታም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ሰፊ ወለል ላይ ይዘረጋና እንዳይጋግርና እንዳይሞቅ እየተገላበጠ ይበቅላል። እናቶቻችን ለጠላ የሚያዘጋጁት ብቅል ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ልዩነቱ የሚመጣው ማድረቁ ላይ ነው። ብቅሉ ገና እርጥብ እያለ ቀዳዳ ባለው ወለል ላይ ይደረግና ከሥሩ ፒት ይጨስበታል። እሳቱ እንዲንቦገቦግ አይፈለግም፤ የሚፈለገው ጭሱ ነው፣ ጭስ ደግሞ በእርጥብ እህል ላይ በደንብ ይይዛል። ከዚያ ከደረቀው ብቅል አንድ ቁንጥር ሰጡኝና ቆረጠምኩት። መጀመሪያ እንደ ቆሎ ጣፈጠኝ፣ ቀጥሎ ጭሱ አፌን ሞላው። ትዝ ያለኝ የእናቴ እንስራ ነው፦ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ፣ አፉ ጥቁር ብሎ። ጠላ የሚታጠነው በእንስራው ነው፤ እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን ራሱን ነው።

የሆስፒታሉን ነገር በተመለከተ አፍንጫህ አልዋሸህም። የፒት ጭስ ፌኖል የሚባሉ ውሁዶችን ብቅሉ ላይ ይተዋል፤ ለላፍሮይግ የሚታጠነው ብቅል ላይ መጠኑ በሚሊዮን ከ40 እስከ 45 እጅ ይሆናል። በ1865 ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር እዚሁ ግላስጎው ቁስል ያጸዳበት የነበረው ካርቦሊክ አሲድ ፌኖል ራሱ ነው። ዝምድናው እንግዲህ እውነተኛ ነው። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ላፍሮይግ በመድኃኒትነት ይገባ ነበር ይባላል፤ ያሸተተው ሰው መድኃኒት ነው ቢሉት እንዴት አያምንም?

ሁሉም ብቅል ግን እዚያ ወለል ላይ አይሠራም። የራሳቸው ከሚያስፈልጋቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢሸፍን ነው፤ የሚበዛው በእነሱ ልክ ታጥኖ ከፋብሪካው ውጭ ይገዛል። ይህን ስሰማ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ልደብቅህ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳግም አረቄ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፦ ተጠንስሶ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ይወጣል። ላፍሮይግ ሰባት ጋኖች አሉት፣ ሦስቱ ለመጀመሪያው፣ አራቱ ለሁለተኛው። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚወርደውን 45 ደቂቃ ያህል ይለዩታል፣ ይህም ረጅም ነው። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ጣፋጭ ሽታ በመጀመሪያው ይሄዳል፣ ጭሱ ወደ ኋላ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በነበረበት የኦክ በርሜል ቢያንስ አሥር ዓመት ይተኛል። ውስጡ ያለውን የቫኒላ ጣዕም የሰጠው ያ በርሜል ነው።

ይህን ሽታ ሌሎች ሊሠሩት ሞክረው አልሆነላቸውም። ፋብሪካውን በ1815 የመሠረቱት ዶናልድና አሌክሳንደር ጆንስተን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የጎረቤቱ የላጋቩሊን ውስኪ ፋብሪካ ባለቤት ፒተር ማኪ የላፍሮይግ ሽያጭ ወኪልም ነበር። በ1907 ውክልናውን ሲነጥቁት ተናዶ የውሃቸውን መስመር አስዘጋ፤ ፍርድ ቤት አስከፈተው። ይሄ አልሆን ሲለው ሠራተኛቸውን አስኮብልሎ፣ ጋኖቻቸውን አስመስሎ፣ በ1908 ላጋቩሊን ግቢ ውስጥ ሞልት ሚል የሚባል ሌላ ፋብሪካ ሠራ። በእግር በሚደረስ ርቀት፣ በዚያው ደሴት ፒት ሠርቶ እንኳን ጣዕሙ ላፍሮይግ ሳይሆን ቀረ።

እኔ ከሁሉም የምወዳት ግን ቤሲ ዊልያምሰንን ነው። በ1934 ለአንድ ክረምት ብቻ በጸሐፊነት ልትሠራ መጣች፣ እዚያው ቀረች። ከመሥራቾቹ ቤተሰብ የመጨረሻው ባለቤት ኢያን ሀንተር ልጅ አልነበረውም፤ በ1954 ሲሞት ፋብሪካውን ለእሷ አወረሳት። ዓለም ቅልቅል ውስኪ ብቻ በሚጠጣበት ጊዜ አሜሪካ ድረስ እየሄደች የአይላ ሲንግል ሞልት (ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ የብቅል ውስኪ) ለብቻው ይጠጣል ትል ነበር። ያንተ ጠርሙስ የእሷ ሥራ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙስህ። ከኮካ ጋር እንዳትደባልቀው፣ ያሳዝናል። ትንሽ ቅዳና አሥር ደቂቃ ተወው፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጨምርበት፣ ሆስፒታሉ ወደ ኋላ ይልና ጣፋጩ ይመጣል። በአንድ ቀን አትፍረድበት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሞክረው። ብዙ ዓመት ባስቀምጠው ይሻሻላል ብለህም አትጠብቅ፣ ውስኪ ከበርሜል ከወጣ በኋላ አያረጅም። ጠርሙሱን አቁመህ ከፀሐይ አርቀህ አኑረው። የጠጣህበትን ብርጭቆ ደግሞ ሳታጥበው አሳድረውና ጠዋት አሽትተው፤ እሳቱ ገና የጠፋ ምድጃ ይሸትሃል።