ወረቀቱ የማን ነው? ለጀማሪ ጋዜጠኞች

ውድ ልጆች፣

ጋዜጣ ለማቋቋም ስታስቡ ቀድማችሁ የምትጨነቁት ለርዕሰ አንቀጹ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን ማን እንደሚሸጥላችሁ፣ ማተሚያ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ የጋዜጣው ስም በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። የፖላንዱን ዕለታዊ «ጋዜታ ቪቦርቻ» ታሪክም በዚሁ ዓይን አንብቡት።

ስሙ «የምርጫ ጋዜጣ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 5 ቀን 1989 የኮሚኒስቱ መንግሥትና ተቃዋሚው የሶሊዳሪቲ የሠራተኞች ንቅናቄ ምርጫ እንዲካሄድና ንቅናቄው የራሱ ጋዜጣ እንዲኖረው ተስማሙ፤ ሜይ 8 የመጀመሪያው እትም ወጣ፤ ምርጫው ጁን 4 ነበር። በ33 ቀን ዕለታዊ ጋዜጣ የተወለደው እጁ የሠለጠነ ሰው ስለነበረ ነው። ጋዜጣውን ካቋቋሙት መካከል የነበሩት ሄሌና ውቺቮና ባልደረቦቿ ከ1982 ጀምሮ «ቲጎድኒክ ማዞቭሼ» የተባለ ሳምንታዊ በድብቅ ያዘጋጁ ነበር።

የዚያ ዘመን የድብቅ ኅትመት ጥበብ ሊታወቅ ይገባዋል። ጽሑፉ በታይፕ ስቴንስል ላይ፣ ማለትም ፊደሉ ሲመታበት ቀለም በሚያሳልፍ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ላይ፣ ይመታል፤ ስቴንስሉ ስስ ጨርቅ በተወጠረበት ፍሬም ላይ ይለጠፋል፤ ቀለሙ በጨርቁ ውስጥ ተገፍቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። የማተሚያ ቀለም እንደልብ ስለማይገኝ ጥቁር ማቅለሚያን እንደ ሊጥ ከለሰለሰ የልብስ ሳሙና ጋር ይለውሱት ነበር። ሲቀጥን ፊደሉ ይፈስሳል፣ ሲወፍር የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍናል።

አዳም ሚኽኒክ ዋና አዘጋጅ የሆነለት አዲሱ ጋዜጣ 8 ገጽ ነበረው፤ በ150,000 ቅጂ ጀመረ። ሕጋዊ ቢሆንም ወረቀቱና ማተሚያው በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ ሳንሱርም እስከ 1990 አልተነሣም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከሶሊዳሪቲ መሪ ከሌክ ዋሌሳ ጋር የነበረው አለመግባባት ሲከር ሶሊዳሪቲ ጋዜጣው ይዞት ይወጣ የነበረውን የንቅናቄውን አርማ ነጠቀው። ጋዜጣው ግን አልወደቀም፤ አሳታሚው አጎራ ራሱን የቻለ ኩባንያ ነበር፤ አንባቢውም ገንዘቡን ከፍሎ ይገዛው ነበር። በውሰት አርማ የምትጀምሩ ከሆነ አርማው የሚነሣበትን ቀን ከወዲሁ አስቡ።

የራስ ኩባንያ መያዝም ከፈተና አያድንም። በጁላይ 2002 የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ሌቭ ሪቪን ሚኽኒክ ዘንድ መጥቶ፣ ለአጎራ የሚመች የብሮድካስት ሕግ እንዲወጣ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ ጠየቀ። ሚኽኒክ ድምፁን ቀረጸ፤ ዘገባው ግን ዲሴምበር 27 ወጣ። ለምን አምስት ወር ቆየ የሚለው ወቀሳ ተገቢ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ማጣራቱ የሚያበቃበትንም ቀን በዚያው ዕለት ቁረጡ።