ከባለቤትሽ ጋር ስትጣሉ ማን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዝምተኛ ሆኖብኛል። ሳናግረው «እሺ» ይልና ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። ትናንት ማታ ስለ ገንዘብ ላወራው ብል ተነስቶ ወጣ። እህቶቼ «ሌላ ሴት ይዟል» ይሉኛል። አንዴ ከእህቶቼ ጋር ባለን የቴሌግራም ግሩፕ የጻፍኩትን አንብቦ ብዙ ቀን አኩርፎኛል። ግን ለእህቶቼ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አብሮ እየኖሩ አለመነጋገር በጣም ይከብዳል። ሌላ ሴት ይኑረው አይኑረው ከደብዳቤሽ ማወቅ አልችልም። ግሩፑን ግን በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ ለእኔ የነገሩ ቋጠሮ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ብሶትን ለእህት መንገር ነውር የለውም። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ድሮ የሆድሽን ለማውራት እህትሽን እስክታገኚ ትጠብቂያለሽ። እስከዚያ ንዴቱ ይበርዳል፤ አንዳንዴም ታርቃችሁ ትቆያላችሁ። ዛሬ ጠቡ ሳያልቅ ቮይሱ ተልኳል። ጠዋት ትታረቃላችሁ፤ ዕርቁን ግን ግሩፕ ላይ ማን ይጽፈዋል? እህቶችሽ የሚያውቁት ማታ የተቆጣውን ሰውዬ ብቻ ነው። የሚመክሩሽም ስለ እሱ ነው።

አሁን በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። የመገናኛ ብዙኃን ምሁሩ ጆሹዋ ሜይሮዊትስ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የኤሌክትሮኒክ ሚዲያ መጥቶ የምንገኝበት ቦታና የሚሰማን ሰው መለያየታቸውን ጽፎ ነበር። ያኔ በዋናነት የሚያወራው ስለ ቴሌቪዥን ነው። እናንተ ቤት ደግሞ በሩ ተዘግቶም ባለቤትሽ የሚናገረው በእህቶችሽ ፊት ነው። ቃሉ ነገ በስክሪንሾት እንደሚዞር የጠረጠረ ሰው «እሺ» ብሎ ቢያልፍ አይገርመኝም። ይህን ንቀት አልለውም፤ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ያኮረፈውም የእሱም የሆነ ጉዳይ ሳይጠየቅ ስለወጣበት ይመስለኛል። በሁለታችሁ መካከል የተባለ ነገር የሁለታችሁ ነው። ለማን እንደሚነገር አብራችሁ ተስማምታችሁ አታውቁም፤ ቢያንስ ደብዳቤሽ ላይ የለም።

እስቲ ለጊዜው፣ ንዴት ላይ ሆነሽ ግሩፑ ላይ አትጻፊ። ሲከፋሽ አንዷን እህትሽን አግኝተሽ በአካል አውሪያት። ባለቤትሽንም «ያን ጊዜ ጎድቼህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ወዲያው ላይመልስልሽ ይችላል፤ ታገሺው። ካልሆነ ሁለታችሁም አማካሪ ዘንድ ሄዳችሁ ብትነጋገሩ እመርጣለሁ። ዝምታው ውስጥ ዛቻ ወይም ዱላ ካለበት ግን ያልኩት ሁሉ ይቅርና ለምታምኛቸው ሰዎች ዛሬውኑ ንገሪ።