29.4 ላይ የመጣብሽ ፒክ

"ከዚንክ ናይትሬትና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ሠርቼ ኤክስአርዲ (በኤክስሬይ የክሪስታሉን ዓይነት የሚለየው ምርመራ) ላይ 29.4 ዲግሪ አካባቢ የማላውቀው ፒክ (ሹል ጫፍ) መጣ፤ ደግሜ ልጠበው ወይ?" ላልሽው እህት፦ ቆይ፣ እንዳትነኪው! መጀመሪያ በምን ውሃ ነው ያጠብሽው? ድሬ ከሆንሽ መልሱን አውቀዋለሁ። (የድሬ ልጅ ነኝና "አንቺ" ማለቴን እለፊልኝ።)

1. በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው። የላባችን ዲስቲለር (ውሃ አጣሪው) ማሞቂያው ላይ ኖራ ተጋግሮበት ቆሟል። የገዛሁት አንድ ጀሪካን ውሃ ደግሞ ለሲንተሲሱ አለቀ። "ለማጠቢያ ምን አለበት፣ መጨረሻውን በኤታኖል እዘጋዋለሁ" ብዬ ሦስት ዙር በቧንቧ ለቀለቅሁት። ዱቄቱ እንዴት ያምር እንደነበር! ፒኩ ሲመጣ ከሪአክሽኑ የተረፈ፣ ያልታጠበ ሶዲየም ናይትሬት ነው አልኩ። የእሱም ዋና ፒክ እዚያው አካባቢ ስለሆነ አይፈረድብኝም። አዲስ ባች ሠርቼ ስምንት ዙር አጠብኩ፣ በዚያው ውሃ። ፒኩ ጭራሽ አደገ።

ነገሩን የፈታልኝ የእናቴ ማንቆርቆሪያ ነው። ሳቢያን ቤታችን ሻይ ልጥድ ስል ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በማንኪያ ፋቅሁና ሎሚ ጠብ አደረግሁበት፤ ቿ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ካልሲየም ካርቦኔት! የእሱም ዋና ፒክ 29.4 ላይ ነው። ኤፍቲአይአሩን (የኢንፍራሬድ ምርመራውን) ገልጬ ሳይ የካርቦኔቱ ምልክት 875 እና 1420 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ዝቃጩ ፒኤቹ ከፍ ያለ ስለሆነ የውሃው ካልሲየም እላዩ ላይ ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል፤ 450 ዲግሪ ፈርነስ (የላብ ምድጃ) ደግሞ አያፈርሰውም። በአሲድ ላጥበው እንዳትዪ፣ ዚንክ ኦክሳይድሽም አብሮ ይሟሟል። 800 ላድርሰውም አትበዪ፤ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀርብሻል፣ ቅንጣቶቹም ተጣብቀው ያድጋሉ። ጣዪውና እንደገና ሥሪው።

2. ሳምፕል ለምርመራ አዲስ አበባ ስትወስጂ የትብብር ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ በስልክ ብቻ ጠይቀሽ አትመኚ። እኔ ጠይቄ፣ እንደተባልኩት አጽፌ፣ በሌሊት አውቶቡስ ተነስቼ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል "ይሄ ለእኛ አልተጻፈም" ብላ መለሰችልኝ። ለማን እንደሚጻፍ በስልክ የነገረችኝ እኮ እሷው ናት! በድምጿ አወቅኋት። ባዶ እጄን ድሬ ተመልሼ፣ አዲስ ማህተም አስመትቼ፣ ሁለተኛ ጉዞ። በዚያ ላይ ብልቃጦቹ ላይ በማርከር የጻፍኩትን የፈሰሰ ኤታኖል አጥፍቶት የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። በእርሳስ ጽፈሽ ፕላስተር ለጥፊበት።

3. በሼረር ቀመር የቅንጣቱን መጠን ስታሰዪ የፒኩን ስፋት ከዲግሪ ወደ ራዲያን ቀይሪ። ጓደኛዬ ረስቶት 0.4 ናኖሜትር አገኘሁ ብሎ ሊያቀርብ ነበር። የዚንክ ኦክሳይድ ዩኒት ሴል (የክሪስታሉ ትንሿ ተደጋጋሚ ክፍል) ራሱ ቁመቱ 0.52 ነው! እኔ ነኝ ያዳንኩት፤ እስካሁን ምሳ አልጋበዘኝም። አንድ ራዲያን 57.3 ዲግሪ ስለሆነ በ57.3 ሲባዛ 23 ሆነለት።

በንጹሕ ውሃ ያጠብኩት ሦስተኛ ባቼ የዚንክ ኦክሳይዱን ፒኮች ብቻ፣ 31.8፣ 34.4፣ 36.3 ብሎ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ 29.4 ላይ ምንም የለም። አድቫይዘሬ "ይሄ ከማመሳከሪያ ካርድ የተገለበጠ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ውሃ ስትገዢ ከጀሪካኑ አንድ ጠብታ ንጹሕ መስታወት ላይ አድርቀሽ እይ። ነጭ ክብ ከተወ ለሻጩ መልሺለት።