ለጠየቀችኝ ልጅ፦ ስለ ጋሻ ጃግሬዎቹ ጡረታ

ባለፈው ሳምንት የአንድ ወዳጄ ልጅ ደወለችልኝ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ግን እናቷ ትመስገንና ጥርት ያለ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ አይታለች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥቁሮችም ለኮንፌዴሬቶቹ፣ ማለትም ባርነት እንዳይቀር ለተዋጉት ደቡቦች፣ ወደው ተዋግተዋል ይላል ሰውየው። ማስረጃው ምንድነው? ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ ተከፍሏቸዋል። ወረቀቱን ራሱ እያሳየ ነው የሚያወራው። «እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። ያንን ዓይነት ወረቀት አውቀዋለሁ። ከሰላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ አንዱን በእጄ ይዤ፣ ለአንዲት አሮጊት የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁ። ለልጅቷ ባጭሩ «ወታደሮች አልነበሩም» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁ ልጆችም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሥራዬ በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ባለ አንድ መዝገብ ቤት፣ የንባብ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ። መዝገብ ቤት ስገባ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከብርድ ያስጥላል፣ ሰው ያከብርሃል፣ ወረቀት ደግሞ አይጮህብህም። ሰዎች የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ማይክሮፊልሙን፣ ማለትም የድሮው ወረቀት በትንሹ ፎቶ የተነሳበትን ጥቅል ፊልም፣ አውጥቼ በማሽን አሳያቸዋለሁ።

ዘመኑ 1996 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ልንዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ገቡ። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ለቤተ ክርስቲያን የሚደረግ ዓይነት ወይን ጠጅ ባርኔጣ አድርገዋል። የልጅ ልጃቸው ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃቸዋል። የአያታቸውን ስም በፖስታ ጀርባ ላይ ጽፈው ይዘዋል። «ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ፤ ከመሞታቸው በፊት ከመንግሥት ትንሽ ገንዘብ ይመጣላቸው ነበር፣ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረንም» አሉኝ።

አገኘሁት። የቨርጂኒያ ግዛት የ1924 ማመልከቻ። ሴትየዋ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማሽኑን ማየት አልቻሉም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ስም። ዕድሜ 76። በየትኛው ክፍለ ጦር። ምግብ ማብሰል፣ ፈረስ መጠበቅ። ከታች ፊርማው ቦታ ላይ የመስቀል ምልክት። መጻፍ አይችሉም ነበር ማለት ነው። ከላይ በትልቁ ኮንፌዴሬት የሚልና ጡረታ የሚል አለ። እኔም ሰዓቴን አየሁ፣ ቀና ብዬ ፈገግ አልኩና «አያትዎ ወታደር ነበሩ» አልኳቸው።

ሴትየዋ ፊታቸው ተለወጠ። «ወታደር? አያቴ ጠመንጃ ነካሁ ብለው አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ብርድ ነው። ስለ ጫማ። ጌታቸው ቆስሎ በበሬ ጋሪ ይዘውት ሲመለሱ ጫማ እንዳልነበራቸው ነው የሚነግሩን።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። «መንግሥት እኮ ዝም ብሎ ጡረታ አይሰጥም» አልኳቸው። ከገዛ አያታቸው አፍ የሰሙትን ሴት፣ አንድ ገጽ ያነበብኩት እኔ አረምኳቸው።

ቀጥለው «አያቴስ? ሴቷ አያቴ?» አሉ። «እሳቸውም የእነዚያው ጌቶች ባሪያ ነበሩ። ጦርነቱን ሙሉ እርሻው ላይ ነው የሠሩት። ልብስ አጥበዋል፣ ትንባሆ ለቅመዋል።» ፈለግሁ ለማለት ያህል አንድ ካርድ አገላበጥኩና «ለእሳቸው ወረቀት የለም» አልኳቸው። ኮፒውን አራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለውኝ ወጡ። ተመልሰው አልመጡም። እኔም አድራሻቸውን አልያዝኩም።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ችኮላው አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን በእኛ ቤት ዓይን ማየቴ ነው። አያቴ ማይጨው ዘምተዋል። የዘመቱት ከጋሻ ጃግሬያቸው ጋር ነው። ልጅ ሆነን ሲወራልን ጋሻ ጃግሬው ከጌታው ጎን የሚቆም፣ ክብር ያለው፣ ጀግና ማለት ነበር። እና ያንን የቨርጂኒያ ወረቀት ሳነብ አእምሮዬ ውስጥ የመጣው የአያቴ ጋሻ ጃግሬ ነው። ዛሬ እናንተ ቃሉን ለፖለቲከኛ አጃቢ ስድብ አድርጋችሁታል። በእኛ ጊዜ እንደዚያ አልነበረም።

ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት ከወራት በኋላ ነው። ሌላ ሰው ስፈልግ ያው ፊልም እጄ ገባ። የማን እንደነበሩ ተጽፏል፤ ጌታቸው በስም ተጠርቷል። ሁለት ነጮች መስክረውላቸዋል። አንደኛው ምስክር በጦርነቱ ጊዜ ታማኝ አገልጋይ እንደነበሩ፣ ከዚያም ወዲህ ትሑትና ጨዋ ሆነው እንደኖሩ ይናገራል። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው መኖራቸው ነው በምስክር የተረጋገጠው። ወታደር የሚል ቃል የትም የለም። አሽከር ነው የሚለው።

በዚያ ቀን ነው መማር የጀመርኩት። ደቡቦቹ ራሳቸው ጥቁር በወታደርነት ይመዝገብ ብለው የፈቀዱት መጋቢት 1865 ነው። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ ቨርጂኒያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። የጦርነቱን አራት ዓመት ሙሉ ከጦሩ ጋር የሄዱት ጥቁሮች ምግብ አብሳይ፣ ፈረስ ጠባቂ፣ ምሽግ ቆፋሪ፣ የጌታውን ልጅ ተከትሎ የሚሄድ አሽከር ነበሩ። ወደው አይደለም፣ ንብረት ስለነበሩ ነው። ጠመንጃ ይዘው የተዋጉት ወደ 180,000 የሚሆኑት ጥቁር ወታደሮች የሰሜኑ ናቸው።

የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በዚያ ዘመን ለአመፁ ጦር ጡረታ አልከፈለም። ለቀድሞ የኮንፌዴሬት ወታደሮች የከፈሉት የደቡብ ግዛቶቹ ናቸው፣ ከየኪሳቸው። ሚሲሲፒ በ1888 ሕግ ስታወጣ ከጅምሩ አሽከሮችንም ጨመረች። ሌሎቹ ግን ዘገዩ። ቴነሲ በ1921፣ ደቡብ ካሮላይና በ1923፣ ቨርጂኒያ በ1924፣ ሰሜን ካሮላይና በ1927። ልብ በሉ፣ ጦርነቱ ካበቃ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አብዛኞቹ ሞተዋል። ደቡብ ካሮላይና እንዲያውም አመልካች ሲበዛባት በዓመቱ ሕጉን አጠበበችው፤ የጉልበት ሠራተኛውንና ጋሪ ነጂውን አስወጥታ የጌታ አሽከርና የካምፕ አብሳይ ብቻ፣ ያውም ቢያንስ ስድስት ወር ያገለገለ አለች። ምሽግ የቆፈረውም ጉልበቱን ገብሯል። እሱ ግን «ጌታውን የሚወድ ታማኝ ባሪያ» የሚለው ተረት ውስጥ አይገባም። በአምስቱ ግዛቶች ጡረታውን ያገኙት ሁሉ ተደምረው 2,800 ገደማ ናቸው። በአዋጅና በጦርነት ነጻ የወጣው ሕዝብ ወደ 4 ሚሊዮን ነበር።

የሴቷን አያት ጥያቄ የመለሰልኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ካሊ ሃውስ ትባላለች። በ1861 ቴነሲ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ባሏ ሞቶባት፣ አምስት ልጅ ይዛ፣ ናሽቪል ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ከሌሎች ጋር ሆና ማኅበር አቋቋመች። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። ባሪያ ሆኖ ያለ ደመወዝ የሠራ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ እንደ ወታደሩ ጡረታ ይከፈለው። የድሆች ሳንቲም ሰብስባ ከከተማ ከተማ ዞረች። መንግሥት ግን ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፣ ሕዝቡን እያታለለች ነው ብሎ መጀመሪያ ደብዳቤዋን በፖስታ ቤት አገደ፣ በኋላም ከሰሳት። በ1917 ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት ፈረደባትና አንድ ዓመት እስር ተበየነባት። በ1928 ሞተች።

አሁን ዓመቶቹን አስተያዩልኝ። ካሊ ሃውስ ለሁሉም ጡረታ ይገባል ብላ የታሰረችው በ1917። ያቺው ቴነሲ፣ ዋና ከተማዋ ያቺው ናሽቪል፣ ጌታቸውን ተከትለው ለዘመቱት አሽከሮች ጡረታ የፈቀደችው በ1921። አራት ዓመት። ይህን ሳውቅ ያቺ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት ፊቴ ላይ መጡ። «ለእሳቸው ወረቀት የለም» ያልኩት ልክ ነበር። ለምን እንደሌለ ግን መናገር ነበረብኝ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታነቡ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ጥያቄውን አንብቡ። ማን ጠየቀ? ማን ፈረመ? ማን መሰከረ? አንድ ሽማግሌ ሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ የሚበሉት የላቸውም፣ ቅጹ የሚጠይቃቸው የጌታቸውን ስም ነው። ምን ይበሉ? እኔ ብሆን ምን እላለሁ? ታማኝ ነበርኩ እላለሁ፣ ዱቄቱ እንዲመጣ።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። በስልካችሁ ስክሪን የምትታየውን ግማሽ ገጽ ታነቡና ለሺህ ሰው ትልካላችሁ። የዚያችን የሲላስ ቻንድለርን ፎቶ ስንቴ ልካችሁልኛል! በጦርነቱ ዘመን ወጣቱ ጌታና አሽከሩ ሲላስ መሣሪያ ይዘው ጎን ለጎን የተቀመጡባትን። ሲላስ በኋላ ሚሲሲፒን የጠየቀው የአሽከር ጡረታ እንደሆነ ማንም አብሮ አይልክም። ደግሞ እናንተን ስወቅስ እኔስ? እንደ እናንተ ያለ ስልክ በሌለበት፣ ሙሉው ፊልም ፊቴ ተዘርግቶ፣ አንድ ገጽ ወደፊት ማዞር ነበር የጎደለኝ። ያቺ ልጅ ቢያንስ ጠይቃለች። እኛ በእሷ ዕድሜ ትልቅ ሰው አንጠይቅም ነበር።

አትቸኩሉ እላለሁ። ግን አውቃችሁ ዝም አትበሉም እላለሁ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ብሔራዊ የወታደሮች መቃብር፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ በ1914 የተመረቀ የኮንፌዴሬቶች ሐውልት ነበር። ጌታውን ተከትሎ የሚዘምት ጥቁር አሽከር ተቀርጾበታል። ስንት እሁድ የአገር ቤት እንግዳ ይዤ አርሊንግተን ሄጃለሁ! የኬኔዲን መቃብር እናያለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንግዳ ስለዚያ ሐውልት ሲጠይቀኝ «የድሮ ነገር ነው» ብዬ አልፋለሁ። በ2023 መጨረሻ ተነሳ። በ2025 ደግሞ ተመልሶ ይቆማል ተባለ። አሁን ቢጠይቁኝ ቆሜ አስረዳለሁ፣ ጉልበቴ ግን ዳገቱን እምቢ ብሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለተኛውን ገጽ ባነበብኩበት ሰሞን አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ። ያኔ በካርድ ነው የሚደወለው፣ ደቂቃው ይሮጣል። «እማዬ፣ የአባባ ጋሻ ጃግሬ አሽከር ነበር ወይስ ባሪያ?» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ምን አስታወሰህ?» አለችኝ። መልሼ ጠየቅኳት። «ተው ልጄ፣ እሱ እኮ የቤት ሰው ነበር። ከልጅ አይለይም ነበር» አለች። ከጥቂት ቀናት በፊት ያነበብኩት የነጩ ምስክር ቃልም ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

በእኛ አገር ራስ ተፈሪ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ አዋጅ ያስነገሩት በ1916 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ሲቆጠር ያው 1924፣ የቨርጂኒያው ጡረታ ሕግ የወጣበት ዓመት። ባርነት ጨርሶ በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ማይጨው ደግሞ 1928 ዓ.ም.። ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ።

እናቴ ካረፈች ሃያ ዓመት አልፏታል። አያቴ በፈረሳቸው ስም አባ መብረቅ ይባሉ ነበር። ፈረሱ ዳማ እንደነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ እንደነበረው፣ ማይጨው ላይ የት ቦታ እንደወደቀ ሁሉ አውቃለሁ፣ ሲወራ ነው ያደግነው። የሰውየውን ስም አልጠየቅኳትም ነበር። ካርዱ አለቀ።