ኬሞ ላይ ያሉት እናቴ ምራቃቸው ደርቆ አፋቸው ቆሰለ፤ ምች ነው ወይስ ካንሰሩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልህ ከሐይቅ ነው። እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ ኬሞ ጀምረዋል። ሦስተኛውን ዙር ከወሰዱ ዛሬ 9ኛ ቀናቸው ነው። ምራቃቸው ደርቆ እንጀራ በውኃ ካልሆነ አይወርድላቸውም። ምላሳቸው ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ ከንፈራቸውም ቆስሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጧቸው። እኔም ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ስለነበር 3 ቀን ሰጠኋቸው። ካንሰሩ ወደ አፋቸው ወጥቶ ይሆን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። የነገርሽኝ ነገር የካንሰር መዛመት አይመስልም። የጡት ካንሰር ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ነው። ካንሰር ኬሞ በተወሰደ በሳምንቱ ምላስ ላይ ነጭ ሆኖ አይወጣም። ይህ የመድኃኒቱ ጣጣ ነው፣ የሚያልፍም ነው።

ትኩሳቱ ግን አስደንግጦኛል። መልእክትሽን እንዳየሁ “አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው” ብዬ በስልክሽ የጻፍኩልሽ ለዚያ ነው። እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ እንዲገባሽ ነው። ደግሞም ዛሬ በዚህ ሐሳብ የተያዘ ቤት የእናንተ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ምራቁ። ብዙ ሰው ምራቅን እንደ ተራ ውኃ ያየዋል። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያመነጫል፣ በውስጡም ብዙ ተከላካይ አለ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባለው ጀርሞች ከአፍ ሥጋ ጋር እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል። ሂስታቲን ደግሞ ፈንገስን ይገድላል። መፍሰሱ ራሱም ሥራ ነው። የቦርከናን ወንዝ አስቢው፤ ክረምት ሲሞላ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል፣ በጋ ሲሳሳ ቆሻሻው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። የእናትሽ አፍ አሁን በጋ ላይ ነው። ማስመለሱ፣ ምግብና ውኃ መቀነሱ፣ አንዳንዱ የማስመለስ ማስታገሻም ምራቁን ያሳሳዋል። በኬሞ የደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያልቅ ይመለሳል። አንገትና ፊታቸው ላይ ጨረር የተሰጣቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው፣ የእነሱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ኬሞ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሴል ነው። የአፍ ውስጥ ሽፋን በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚታደስ ስለሆነ አብሮ ይመታል፣ ይሳሳል፣ ይቆስላል። በዚያው ሰሞን መቅኔ ውስጥ የሚሠሩት ነጭ የደም ሴሎችም ይመታሉ። እንግዲህ ምራቁ የለም፣ ሽፋኑ ተበሳስቷል፣ የሚዋጋውም ሠራዊት ተመናምኗል። አፍ ውስጥ ዕድሜ ልክ በሰላም የኖረ ጀርም በቁስሉ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ምቹ ልምጣ። እኔም ደሴ ነው ያደግኩት። ፀሐይ መታሽ፣ በልተሽ ሳትቀመጪ ወጣሽ ተብሎ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ቡና ላይ ጠብ ሲደረግ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ እኔም ጠጥቻለሁ። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይድናል፣ ምስጋናውን ግን ዳማ ከሴው ይወስዳል። ለጤነኛ ሰው ግድ የለም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን ትኩሳት ምች አይደለም። ደግሜ ልጻፈው፦ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካተኮሰው ምች ነው ብሎ ቤት ማስተኛት ሰው ይገድላል። ዛሬ ዳማ ከሴ፣ ነገ ጤና አዳም፣ ከነገ ወዲያ “እስቲ ይቺን ሌሊት እንያት” ይባላል። ያቺ ሌሊት ናት የምትወስዳቸው። ጸሎቱም ዱዓውም መኪና ውስጥ እየሄዳችሁ ይደረጋል። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው!

እነዚያ ተዋጊ ነጭ ሴሎች ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ኬሞ ከተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እናትሽ 9ኛ ቀናቸው ላይ ናቸው። “ቁስሉ መግል የለውም፣ ስለዚህ ደህና ነው” የሚል ሰው አትስሚ። መግል የሚሠራው ከሞቱ ነጭ ሴሎች ነው፣ ሴሎቹ ከሌሉ መግሉ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚታየው ብቸኛ ምልክት ትኩሳቱ ነው። በብብት ስትለኪ 37.5 ካለፈ 38 ደርሷል ብለሽ ውሰጂው። ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከቃዡ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል፣ ተነሺ። ሳትለኪ ፓራሲታሞል አትስጪ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በፍጹም፣ ደም ያደማል።

ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ “ትኩሳት አላቸው” ብቻ ብለሽ ወረፋ ላይ አትቀመጪ። “ኬሞ ላይ ናቸው፣ 9ኛ ቀናቸው ነው፣ ያተኩሳቸዋል” በያቸው። የደም ምርመራ ይደረጋል። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅሽም። ነጩ ነገር ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም፤ በጨርቅ ሲነካ ተነስቶ ሥሩ ቀይ ከሆነ እሱ ነው። አሞክሳሲሊን ፈንገስን አይገድልም። ጭራሽ ፈንገሱን ሲሻሙት የነበሩትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሜዳውን ይለቅለታል። ትኩሳት ላለበት ኬሞ ላይ ላለ ሰውም አይበቃም፣ ሦስት ቀን ግን በልቶብሻል። የተረፈ መድኃኒት ቤት አታስቀምጪ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽም እንዳትደብቂ፣ የስንት ሚሊግራም እንደሆነና ስንት ፍሬ እንደዋጡ ንገሪው። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ራስሽን አታሰቃዪ።

ለፈንገሱ ሐኪሙ ኒስታቲን ካዘዘ በቀን 4 ጊዜ አፋቸው ውስጥ አቆይተው፣ አዟዙረው ይዋጡት፣ ወዲያው አይብሉበት። ሲውጡ ደረታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧው ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ኒስታቲን ስለማይበቃ ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ለሐኪሙ ንገሪ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጪ። ከምግብ በኋላና ከመተኛታቸው በፊት ይጉመጥመጡበት፣ ይትፉት። በየቀኑ አዲስ አዘጋጂ። አረቄ ጀርም ይገድላል ብሎ የሚያጉመጠምጥ አለ፣ የቆሰለ አፍ ላይ እሳት ነው። ሎሚም ይቅር። መፋቂያው ድድ ስለሚያደማ ለጊዜው ትተው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቀሙ። ዱዓ ላይ ትንሽ የሚቅሙ ከሆነም ጫቱ ይቁም፣ የደረቀውን አፍ ይብስ ያደርቀዋል። ለብ ያለ አጥሚት፣ በደንብ የፈላ ወተት፣ በርበሬ የሌለው ፍትፍት ይውረድላቸው። ውኃ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ ይጎንጩ።

ሌላው፣ “አፋቸው እስኪድን አራተኛውን ዙር እናስቀረው” ብላችሁ ቤት ውስጥ አትወስኑ። አዲስ አበባ ላለው ሐኪማቸው ደውይና አፋቸውም እንደቆሰለ፣ ትኩሳትም እንደነበረ ንገሪው። መጠኑን መቀነስ ወይም ጥቂት ቀን መግፋት የእሱ ሥራ ነው።